የአባ ስፖንጅ የመንገድ ወጪ

የሻንጣዬ ዚፕ ባይበጠስ ኖሮ ይህን ጉዳይ ከነጭራሹ አልሰማውም ነበር። ዝናብ ባባራበት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ዚፑን ላስቀይር ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ ወዳለው ሻንጣ ሱቅ ጎራ ስል፣ አንድ የማውቃቸው ሽማግሌ ትልቅ ጥቁር ሻንጣ ወለሉ መሐል ገትረው፣ ከጎኑ ቆመው ቁመታቸውን ከቁመቱ ሲያስተያዩ አገኘኋቸው። ሻንጣው እስከ ደረታቸው ይደርሳል። ከኋላቸው ደግሞ ከእሱ የማይተናነሱ ሌሎች ሁለት ቆመዋል። ባለሱቁ ቀኑ የቀናለት ሰው ፊት ይዞ እጁን ያፋትጋል።

እኚህን ሽማግሌ ሰፈሩ ሁሉ "አባ ስፖንጅ" ይላቸዋል። ሶፋ አዳሽ ናቸው። የረገበ ሞላ ያጠብቃሉ፣ የተቦጨቀ ጨርቅ ይቀይራሉ፣ የሞተ ስፖንጅ አውጥተው ነፍስ ያለው ይከትታሉ። "በዚህ ሰፈር እኔ ባላደስኩት ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ካለ፣ ቆሞ ነው የዋለው ማለት ነው" እያሉ ይቀልዳሉ። ሚስታቸውን ከቀበሩ ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፤ ልጅ አልወለዱም። በቅርብ ያለቻቸው ዘመድ የሟች ወንድማቸው ልጅ ብቻ ናት። እሷም በአንድ መድኃኒት አከፋፋይ ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ናት፤ ቀን እየሠራች በማታው ክፍለ ጊዜ ተምራ የጨረሰች፣ ስትናገር ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ፣ የያዘችውን ግን የማትለቅ ልጅ። በዚያን ዕለትም ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ከንፈሯን ገጥማ አጎቷን ትመለከታለች።

"መምህር! እግዜር ነው የላከዎት" አሉኝ አባ ስፖንጅ ገና ሲያዩኝ። "እስቲ እርስዎ ይፍረዱን። ለአንዲት እህት ሦስት ሻንጣ ይበዛል?"

ጡረታ የወጣሁ የጂኦግራፊ አስተማሪ ስለሆንኩ፣ ስለ ባሕር ማዶ የሚነሣ ክርክር ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። ካርታ ሳስተምር ኖርኩ እንጂ ከካርታው ላይ አንዱንም የሰው አገር በእግሬ እንዳልረገጥኩ የሚያስታውስ የለም።

"እንደ እህትየዋ ነዋ" አልኩ፣ ለመሸሽ ያህል።

"እህትማ እንደ እሷ የለችም!" አሉ።

እውነታቸውን ነው። እናታቸው የሞተች ጊዜ አባ ስፖንጅ ገና ድክ ድክ የሚሉ ሕፃን ነበሩ። ያሳደገቻቸው ታላቅ እህታቸው ናት፤ "እታበባ" ነው የሚሏት እስከ ዛሬ። አዝላ፣ አብልታ፣ ፊደል አስቆጥራ፣ ሙያ ቤት ወስዳ አስገብታ፣ ሁለቱ ወንድሞቿ ለራሳቸው ሲበቁ ነው ያገባችው። ባሏ የባቡር መካኒክ ነበርና ሥራው ወደ ባሕር ማዶ ሲወስደው አብራ ሄደች። ከዚያ ወዲህ የስልክ እህት ሆነች። አሁን ባሏ ሞቷል፤ ኩላሊቷ ደክሟል፤ በዚያው በሰው አገር በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ናት።

"ሐኪሞቹስ ምን ይላሉ?" ብዬ ጠየቅኩ።

መልሱን የሰጠችኝ ልጅቷ ናት። "'ማየት የሚፈልግ ዘመድ ካላት ባይዘገይ ጥሩ ነው' ነው ያሉት፣ መምህር።"

"ታዲያ መቼ ነው የሚነሡት?"

"ዕቃው ሲሟላ" አሉ አባ ስፖንጅ። "ለእሷ ሁለት ወፍራም ብርድ ልብስ። ለልጇ ሙሉ ልብስና ጫማ። ለሚያስታምሟት ሠራተኞች አንዳንድ ነገር። ለጎረቤቶቿም እጅ መንሻ ያስፈልጋል። እንግዲህ ዘንድሮ ካልሞላ ለከርሞ ነው። የስፌት መኪናዬን እሸጣለሁ፤ የጎደለውን እበደራለሁ። እህት ዘንድ ባዶ እጅ አይኬድም!"

"ጋሼ፣" አለች ልጅቷ፣ "የስፌት መኪናውን ከሸጡት ሲመለሱ በምን ሊሠሩ ነው?"

"ስመለስ ይታሰብበታል።"

"ጉዞ እኮ መሄድ ብቻ አይደለም። ተመልሶ መኖርም አለበት። ሄደው የሚኮሩበት፣ ተመልሰው ግን የሚራቡበት መንገድ ለአክስቴስ ምን ደስታ ይሰጣታል? ደግሞ ሦስቱን ሻንጣ አየር መንገዱ በነፃ የሚጭንልዎት እንዳይመስልዎት። ከተፈቀደው በላይ ላለው ያስከፍላሉ። ብርድ ልብሱ ከተገዛበት ዋጋ ይልቅ የተጫነበት ሊበልጥ ይችላል። በሚሄዱበት አገር ብርድ ልብስ ይጠፋል?"

"ነገሩ የብርድ ልብስ አይደለም፤ የክብር ነው። ሰው ምን ይላል?"

"ይህ 'ሰው ምን ይላል' የሚሉት ሰው፣ ጋሼ፣ አንድ ቀን ለቲኬትዎ አዋጥቶ ያውቃል?"

ባለሱቁ ሳያስበው ሳቀ። አባ ስፖንጅ ግን አልሳቁም። ትልቁን ሻንጣ አጋድመው ዘፍ ብለው ተቀመጡበት። ባለሱቁ ሳቁ ከፊቱ ጠፋና "አባቴ፣ እሱ ላይ እንኳ ባይቀመጡ…" አለ።

"እኔን ካልቻለ እታበባ ዘንድ የሚሄደውን ዕቃ እንዴት ሊችል ነው?" ብለው አፉን አስያዙት።

የሒሳብ ሠራተኛዋ ከፊታቸው ቁጢጥ አለችና ዝቅ ባለ ድምፅ እንዲህ አለቻቸው፦

"አባዬም እንዲሁ ነበር ያለው። 'በሚቀጥለው ዓመት፣ እጄ ሞላ ሲል' እያለ ለአክስቴ በየስልኩ ቃል ሲገባላት ኖረ። የመጨረሻ ጊዜ እንኳ የገዛላት ጨርቅ ነበረ፤ 'ሌላ ጨምሬ ነው የምሄደው' ብሎ ሣጥን ውስጥ አስቀመጠው። እሱ ሞተ። ጨርቁን አስከሬኑ ላይ አለበስነው።"

አባ ስፖንጅ ይህን ያውቃሉ፤ ጨርቁን ያለበሱት እሳቸው ናቸው። ቢሆንም ሰው የሚያውቀውን ነገር በሌላ ሰው አፍ ሲሰማው እንደ አዲስ ይወጋዋል። ቀና ሳይሉ የሻንጣውን ዚፕ ወዲያና ወዲህ ሲጎትቱ ቆዩና ተነሥተው "ዛሬ አልገዛም" ብለው ወጡ። ዚፔን ለባለሱቁ ትቼ እኔም ተከተልኳቸው።

የአባ ስፖንጅ መሥሪያ ቤት አንድ በር ያለው ጠባብ ክፍል ነው። ግድግዳው ላይ ጥቅል ጨርቅ ተደግፏል፤ ጥግ ላይ ስፖንጅ እስከ ጣሪያው ተከምሯል፤ ከመሐሉ ልብሱን ያወለቀ አንድ ሶፋ እንጨቱንና ሞላውን አሳይቶ ተገትሯል። እኔን ታድሶ ባለቀው ወንበር ላይ አስቀመጡኝ፤ እሳቸው ከስፌት መኪናቸው ጀርባ ዐረፉ። ልጅቷ ሞላው እንዳይወጋት ጥቅል ጨርቅ ላይ ተቀመጠች።

በመንገድ ላይ ሲያስቡ መጥተው ኖሮ፣ ሐሳባቸው አሁን ወደ ሌላው ጫፍ ተገልብጦ ነበር።

"እሺ" አሉ። "ሻንጣው ይቅር። እንደዚያ ከሆነ አንድ ሳንቲም አላባክንም። እጅግ ርካሹ ቲኬት የቱ ነው? አንድ የቲኬት ደላላ ነግሮኛል፤ ሁለት ቦታ ወርዶ የሚቀየር፣ መሐል ላይ አንድ ሌሊት አውሮፕላን ማረፊያ የሚታደርበት አለ። አግዳሚ ላይ እተኛለሁ። ደረቅ ዳቦ በኪሴ እይዛለሁ። እዚያ ስደርስም የእህቴ ልጅ ዘንድ መሬት ላይ እጋደማለሁ። አለቀ!"

እኔ እንግዲህ ነገሩ የተፈታ መስሎኝ "እንዲህ ነው እንጂ!" ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ልጅቷ ግን ራሷን ነቀነቀች።

"ጋሼ፣ ይሄኛው ከበፊቱ አይሻልም።"

"እንዴት ነው ነገሩ! ሳበዛም ጥፋተኛ፣ ሳሳንስም ጥፋተኛ?"

"አይቆጡኝ። አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ደንበኛ መጥቶ 'እጅግ ርካሹን ስፖንጅ ክተትልኝ' ሲልዎት ምን ይሉታል?"

አባ ስፖንጅ ጥያቄው ወዴት እንደሚወስዳቸው ስላልገባቸው በሙሉ ልብ መለሱ። "በዓመቱ ይሞታል፤ ገንዘብህን ሁለት ጊዜ ታወጣለህ፤ ወገብህም ያምሃል እለዋለሁ።"

"እጅግ ውዱን ካለዎትስ?"

"ሰው የሚፈራው ሶፋ ይሆናል። እንግዳ ሲመጣ ብቻ የሚገለጥ። ባለቤቱ ራሱ በርጩማ ላይ እየተቀመጠ ሶፋውን የሚያይበት ቤት አውቃለሁ።"

"ታዲያ የቱን ነው የሚመርጡለት?"

"መጀመሪያ እጠይቀዋለሁ፤ ማን ነው የሚቀመጥበት? ለስንት ጊዜ? ወገቡ ደኅና ነው ወይ? ከዚያ ልኩን…" አሉና አቆሙ። የወንድማቸውን ልጅ ትኩር ብለው አዩዋት። "አንቺ ልጅ፣ አባትሽ የዋህ ነበር። ተንኮሉን ከማን ወረስሽው?"

ሦስታችንም ሳቅን። እሷ ግን ቶሎ ተመለሰችበት።

"የሚቀመጠው እርስዎ ነዎት። ወገብዎ ከዓመት ዓመት እየባሰ ነው። አግዳሚ ላይ ካደሩ፣ መሬት ላይ ከተኙ፣ የመጀመሪያውን ሳምንት አክስቴን ሳይሆን ጣሪያ ሲያዩ ነው የሚከርሙት። ወደ እሷ የሚወስድዎትን ጉልበት መንገድ ላይ ጨርሰው ምን ይዘው ሊደርሱላት ነው? አንድ ጊዜ ብቻ የሚወረድበት፣ ረጅም አዳር የሌለበት ቲኬት አለ። ዋጋው ከርካሹ ትንሽ ከፍ ይላል። ያ ትንሽ ለወገብዎ የከፈሉት ነው።"

"ማረፊያውስ? የእህቴ ልጅ እያለ ሆቴል? ዘመድ አይደለሁም እንዴ? ይቀየመኛል!"

ልጅቷ ትንሽ አመነታች። "ደውዬለት ነበር። የሚኖረው አንዲት ክፍል ውስጥ ነው፣ ጋሼ። በፈረቃ ከሌላ ሰው ጋር ነው አልጋውን የሚጋሩት። ያ ሰው ሲወጣ እሱ ይገባል። 'አጎቴ ይምጣ፣ እኔ ወጥቼ አድራለሁ' አለኝ። የት እንደሚያድር ግን አልነገረኝም። አፍሮ ነው 'ቦታ የለኝም' ያላለው።"

አባ ስፖንጅ መቀሳቸውን አነሡና መልሰው አስቀመጡት። የእህታቸው ልጅ በትልቅ ቤት የሚኖር ይመስላቸው እንደ ነበረ ከፊታቸው አነበብኩ። እንዲህ ነው፤ እኛ ለክብር ብለን እናስቸግራለን፣ እነሱ ለክብር ብለው ይቸገራሉ፣ ማንም ማንንም አያከብርም።

"ሆቴልም አይሁን" አለች ልጅቷ። "በሳምንት የሚከራይ ንጹሕ ክፍል አለ፤ ምድር ቤት፣ ሙቅ ውኃ ያለው፣ ትንሽ ማብሰያ ያለው። ከመጦሪያው በእግር የሚደረስ ነው። ራቅ ያለው ይረክሳል፤ ግን የሚተርፈውን ጠዋትና ማታ ለታክሲ ይሰጡታል። ቁርስና እራት ክፍልዎ ውስጥ ይሠራሉ፣ ምሳ ውጪ ይበላሉ። የሚሄዱትም ሰው ሁሉ ለዕረፍት የሚበርበት ወር ካለፈ በኋላ ነው። ቪዛውም እስኪወጣ ያ ጊዜ ይደርሳል፤ ቲኬቱም ክፍሉም ያኔ ይቀንሳል።"

"ገንዘቡ ይበቃል?" አልኩ እኔ። የእሳቸውን ጥያቄ ጠየቅኩላቸው እንጂ የእኔ አልነበረም።

"ሳይሸጡ፣ ሳይበደሩ፣ ባንክ ያላቸው ብቻ ይበቃል። ሲሶው ለቲኬት ይሄዳል። ከዚያ የሚያንስ ለክፍሉ። ከቀረው ላይ ለምግብ፣ ለትራንስፖርት፣ ለጉዞ መድን። አንድ አምስተኛው ግን አይነካም፤ ለብቻው ይቀመጣል።"

"ለምን ይቀመጣል?"

"ለማይታወቀው።"

"ሟርተኛ!" አሉ አባ ስፖንጅ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መትተው። "ሳልሄድ ታሟርቺብኛለሽ! መድን ትያለሽ፣ መጠባበቂያ ትያለሽ። የሰው ልጅ በእግዜር ነው የሚጠበቀው!"

"በእግዜር ነው፤ ግን በርዎን ቆልፈው ይተኛሉ።"

ክርክሩ እንዲህ ሲል ፀሐዩ ከበሩ ላይ ራቀ። ሽማግሌው በነገር ሁሉ ተረትተው በአንድ ነገር ብቻ አልተረቱም፤ ባዶ እጅ መሄድን። "ኩራት እራት አይሆንም" ብዬ ልመክራቸው ሞከርኩ፤ "እራቴን በልቼ ነው የምኮራው" ብለው መለሱልኝ። በመጨረሻ "እሷን ራሷን እንጠይቃት" አሉ። "የሚያስፈልጋትን ከነገረችኝ በዚያ ልክ እገዛለሁ። ካለኝ ዘንድሮ፣ ካጣሁ ለከርሞ።" በዚያ ሰዓት እዚያም ገና ቀን ነበርና ልጅቷ ደወለች። አስታማሚዋ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ያዘችላት። ድምፁ ለሦስታችንም ይሰማል።

"እታበባ!" አሉ አባ ስፖንጅ፣ እንደ ሁልጊዜያቸው ጮኸው። "ልመጣልሽ ነው! ምን ይዤልሽ ልምጣ?"

ከወዲያ ቀጭን፣ የደከመ፣ ግን ፍቅር ያለበት ድምፅ መጣ።

"ከትምህርት ቤት ወጣህ?"

አባ ስፖንጅ ወደ እኔ አዩ።

"እማዬ ምሳ በልታለች?" አለች እህታቸው። "ሳትበላ እንዳትተኛ። እኔ ውኃ ልቀዳ ነው የወጣሁት፣ አሁን እመጣለሁ በላት።"

እናታቸው ከሞተች ስልሳ ዓመት አልፏል። አባ ስፖንጅ ዓይናቸው ሞልቶ የስፌት መኪናውን መንኮራኩር በአንድ እጃቸው ጨብጠው ያዙ። ቆይተው፣ በሕፃን ልጅ ድምፅ ሊባል በሚችል ድምፅ፣ "በልታለች እታበባ" አሉ። "በልታ ተኝታለች።"

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ቀድመው የተናገሩት እሳቸው ናቸው።

"ባለፈው ስንነጋገር ታውቀኝ ነበር" አሉ። "እኔ ሻንጣ ስለካ እሷ እየሄደች ነው።" ወደ ወንድማቸው ልጅ ዞሩ። "በይ እንዳልሽው አድርጊው። ክፍሉንም፣ መድኑንም፣ ሟርቱንም። ብቻ ፈጥነሽ አድርጊው።"

ክርክሩ ያለቀው በዚህ ነው። የሒሳብ ሠራተኛዋ አሸነፈች ማለት ግን አልችልም፤ በዚያች ክፍል ውስጥ ያሸነፈ ሰው አልነበረም።

ቪዛው እስኪወጣ ሁለት ወር ግድም ፈጀ። አባ ስፖንጅ አንዲት መካከለኛ ሻንጣ ይዘው፣ አዲስ ግን የለመዱት ዓይነት ጫማ ተጫምተው ሄዱ። ስጦታቸው በብብት የምትያዝ አንዲት ነገር ነበረች፤ በገዛ እጃቸው የሰፏት ትንሽ የራስጌ ትራስ። ይመለሳሉ በተባለበት ሳምንት አልተመለሱም። ሌላ ሁለት ሳምንት አለፈ። አንድ ቀን በዚያ በኩል ሳልፍ የመሥሪያ ቤታቸው በር ገርበብ ብሎ አገኘሁት።

ውስጥ ገብቼ ሳያቸው ጥቁር ለብሰዋል። ልጅቷ አጠገባቸው ተቀምጣለች። "እግዜር ያጥናዎት" ብዬ ተቀመጥኩ። ጥቂት ከቆየን በኋላ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ የሆነውን ነገሩን።

"በደኅና ደረስኩ፣ መምህር። ወገቤ አላመመኝም። በነጋታው ጠዋት በእግሬ ሄድኩ። መስኮት አጠገብ አስቀምጠዋታል። እንዴት አንሳለች መሰለዎት! ያቺ እኔን አዝላ ዳገት የምትወጣ ሴት! 'እታበባ' ብዬ እግሯ ላይ ወደቅኩ። በትሕትና አየችኝና 'አምፖሉን ልትቀይር ነው?' አለችኝ።

"በማግስቱም አላወቀችኝም። ከዚያ በኋላም። አንድ ቀን በባሏ ስም ጠራችኝ፤ አንድ ቀን ደግሞ ሌባ ነው ብላ ጮኸች። ወደ ክፍሌ እየገባሁ አለቅስ ነበር። እውነቱን ልንገርዎት፣ ያ ክፍል ባይኖረኝ፣ ሙቅ ውኃ ታጥቤ የምተኛበት ባላገኝ፣ በአራተኛው ቀን ተመልሼ እመጣ ነበር። ሰው ሐዘንን በባዶ ሆድና በተሰበረ ወገብ አይችለውም። ይህቺ ልጅ 'ለራስዎም አንድ ቀን ይውሰዱ' ብላኝ ነበር፤ 'እህቴ እየሞተች ልዝናና?' ብዬ ተቆጥቻት ነበር። ወሰድኩት። ባሕሩ ዳር ሄጄ ዝም ብዬ ተቀምጬ ዋልኩ። በማግስቱ ስመለስ ዓይኔ ተከፍቶ ነበር መሰል፣ የተቀመጠችበትን ወንበር አየሁት።

"ስፖንጁ ሞቷል መምህር! መሐሉ ጎድጉዷል። ለዚያ ነው ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን የምታጋድለው፤ እኔ በሽታው መስሎኝ! የመጦሪያውን ተቆጣጣሪ በእህቴ ልጅ አስለምኜ ፈቃድ አገኘሁ። ስፖንጅና ጨርቅ ገዛሁ። እሷ እያየችኝ፣ መስኮቱ ሥር መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ሠራሁት። ከዚያ አንሥተን አስቀመጥናት። ቀጥ አለች። እጇን በስፌቱ ላይ ቀስ እያደረገች አስኬደችው፣ እስከ ጫፉ። ከዚያ ምን አለች?"

አባ ስፖንጅ ፊታቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ።

"'ይሄ የጭራሮ እጅ ነው' አለች።

"ጭራሮ እኔ ነኝ። በልጅነቴ ከሲታ ስለነበርኩ እሷ ያወጣችልኝ ስም ነው። ሚስቴ እንኳ አታውቀውም ነበር። 'ጭራሮ፣ መቼ መጣህ? ምነው እንዲህ ወፈርክ?' አለችኝ። ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ያን ቀን ሙሉ፣ እስኪመሽ፣ እህቴ ነበረች። እናታችንን አነሣን። የሰፈራችንን ሰው ሁሉ አነሣን። 'ወንድምህስ? ለምን አልመጣም?' አለችኝ።"

የሒሳብ ሠራተኛዋ ቀና አለች። "ስለ አባዬ ጠየቀች?"

"ጠየቀች። መሞቱን ነግረናት አልቅሳ ነበር፣ ታስታውሻለሽ። ረስታዋለች። 'ሥራ ይዞት ነው፣ ይመጣል' አልኳት። 'ስም ማጥፋት አይሁንብኝና፣ እሱ ከድሮም ነገ ባይ ነው' አለች። ምን ልበላት ልጄ?"

ያቺ በክርክሩ ሁሉ ድምፅዋን ከፍ ያላደረገች ልጅ፣ ያን ጊዜ ራሷን በአጎቷ ጉልበት ላይ ደፍታ ድምፅዋን ለቀቀችው። በአባቷ ቀብር ዕለት እንኳ እንዲህ ስታለቅስ አላየኋትም።

የቀረውን አባ ስፖንጅ ባጭሩ ነገሩኝ። ያ ቀን አልተደገመም። የመመለሻቸው ቀን ሲቃረብ እህታቸው ባሰባት። ያቺ "ሟርት" ያሏት መጠባበቂያ ያኔ ወጣች፤ ቲኬታቸውን አስቀየሩ፣ ክፍላቸውን አራዘሙ፣ ከማንም ሳይለምኑ አልጋዋ አጠገብ ሰነበቱ። አንድ ጠዋት እጇ በእጃቸው ውስጥ እንዳለ ዐረፈች። ከእህታቸው ልጅ ጋር ቀበሯት።

"አሁን በዚህ ዓለም ላይ ጭራሮ ብሎ የሚጠራኝ የለም" አሉ። "ብቻ አንድ ጊዜ ሰምቼው መጣሁ።"

አንባቢ ሆይ፣ እኔ እንግዲህ መምህር ነኝና ሳልመክር ማለፍ አይሆንልኝም። የባሕር ማዶ ጉዞ ለባለጠጋ ብቻ የተፈጠረ ይመስለናል፤ ስለዚህ ወይ ቤታችንን ሸጠን እንሄዳለን፣ ወይ እንደ ስደተኛ ተሰቃይተን እንሄዳለን፣ አለዚያም "ሲሞላ" እያልን ቁጭ እንላለን። አባ ስፖንጅ ሦስቱንም ሊያደርጉ ነበር። ሳይበደሩ ስለ ሄዱ ሲመለሱ የስፌት መኪናቸው ቦታዋ ላይ ጠበቀቻቸው። ወገባቸውን ስለ ጠበቁ ከእህታቸው አጠገብ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ክፍል ስለ ተከራዩ የእህታቸውን ልጅ ከአልጋው አላፈናቀሉም፤ እንደ ዘመድ እንጂ እንደ ሸክም አላያቸውም። ከምንም በላይ ግን ለማይታወቀው ስላስቀመጡ፣ የማይታወቀው ሲመጣ እዚያው ነበሩ። ልክን ማወቅ ንፍገት አይደለም። ፍቅር ሳይረፍድበት እንዲደርስ መንገዱን መጥረግ ነው።

እንዲህ እያልኩ ሳስብ አንዲት ጎረቤት፣ በሰፈራችን ጥግ ላይ አትክልት የምትሸጥ ሴት፣ ለቅሶ ልትደርስ ገባች። ልጇ ባሕር ማዶ ወልዳለች፤ የልጅ ልጇን አይታው አታውቅም። አልቅሳ ስታበቃ ዓይኗን በነጠላዋ ጠርጋ፣ "ተመስገን ነው፤ እርስዎስ ደረሱላት" አለች። "እኔም ሲሞላልኝ እሄድ ይሆናል። በባዶ እጄ አራስ ልጠይቅ አልችል።"

አባ ስፖንጅ ተነሡ። ገና ያላለቀውን ሶፋ ጨርቅ ገፍፈው፣ ስፖንጁን በእጃቸው ደልድለው ቦታ አበጁላት።

"አይሞላም እመቤቴ" አሉ። "እኔ ነኝ የምነግርሽ፤ አይሞላም። ነይ ተቀመጪ። ያለሽ ስንት ነው? ከዚያ እንነሣለን።"

ሴትዮዋ ወደ በሩ፣ ከዚያም ወደ እኔ፣ ከዚያም ወደ ሒሳብ ሠራተኛዋ አየች። ልጅቷ ፊቷን ጠርጋ ጠጋ አለችላት። ሴትዮዋ ዘንቢሏን መሬት ላይ አስቀምጣ ተቀመጠች።